ማይክ አሽሊን ይቅር ማለት ይቻላል? የኒውካስል 14 ዓመታት

#1 ሺረር_ከጉለሌ (ትናንት፣ ማታ 2፡40)

ሰላም ቤተሰብ።

ለንደን ያለችው የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን በሰው ዕቃ ላከችልን። ጫማ፣ ካልሲ፣ ለእናቴ ሹራብ። ከሻንጣው መሀል ደግሞ አንድ ኩባያ ወጣ። ኩባያ ስላችሁ ባልዲ በሉት። ላዩ ላይ በትልቁ «ስፖርትስ ዳይሬክት» ይላል። እዚያ አገር በኦንላይን ያዘዘ ሰው ቤት ሁሉ አይጠፋም አሉ። እናቴ በጣም ወደደችው። አሁን ጠዋት ጠዋት አጥሚቷን የምትጠጣው በሱ ነው። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የድሮው የኒውካስል ባለቤት የማይክ አሽሊ ሱቅ ፊት ለፊቴ ይደቀናል።

ኒውካስልን መደገፍ የጀመርኩት 1996 ላይ ነው፣ ሺረር ሲመጣ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትምታቱ።) ስለዚህ የማይክ አሽሊን ዘመን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ።

ለማታውቁት፦ ሰውየው በ16 ዓመቱ ትምህርት ያቆመ ነው። ስኳሽ ይጫወት ነበር፣ በኋላም ያሠለጥን ነበር። 1982 ላይ ከቤተሰቡ 10 ሺህ ፓውንድ ተበድሮ ከለንደን ምዕራብ ሜይደንሄድ የምትባል ከተማ ውስጥ አንዲት የስፖርት ዕቃ ሱቅ ከፈተ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። 2007 ላይ ድርጅቱን ለንደን የአክሲዮን ገበያ አስገብቶ ወደ 929 ሚሊዮን ፓውንድ ኪሱ ከተተ። ብሩ እጁ ላይ ሳይቀዘቅዝ በዚያው ዓመት ኒውካስልን በ134 ሚሊዮን ገደማ ገዛ። ሒሳቡን በደንብ ሳያስመረምር ነው የገዛው፣ ዕዳው በኋላ ነው የወጣው።

14 ዓመት ያዘን። ሁለት ጊዜ ወረድን፣ 2009 እና 2016። አንድ ዋንጫ የለም። የሁለተኛውን ሊግ የሻምፒዮንሺፑን ካልቆጠራችሁ፣ እኔ አልቆጥረውም።

ግን ኩባያውን እያየሁ ራሴን ጠየቅሁት። ሰውየው ክለቡን በዕዳ አልቀበረውም። ደመወዝ ሳይከፈል የቀረበት ወር አልሰማሁም። ታዲያ ያን ያህል የጠላነው ለምንድነው? እውነት ክፉ ነበር ወይስ ዝም ብሎ ቋጣሪ?

#2 አርሰናል_ወይም_ሞት

ኩባያዋን ሽጧት፣ በአሽሊ ጊዜ ቢሆን አንድ ተከላካይ ትገዙባት ነበር። ኪኪኪ

#3 መርካቶ_ሚዛን

እኔ ነጋዴ ነኝ፣ በነጋዴ ዓይን ልናገር። ተሳደቡ ብትሉም አልሳደብም።

አሽሊ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? የሞቱ ስሞችን ለቀመ። ደንሎፕ፣ ስላዘንገር፣ ሎንስዴል፣ ካሪሞር፣ ኤቨርላስት። እነዚህ ድሮ ትልቅ የነበሩ፣ በኋላ የደከሙ ናቸው። ፋብሪካው ቢደክምም ስሙ ሰው ጭንቅላት ውስጥ አለ። እሱ ስሙን ገዝቶ ዕቃውን በርካሽ ያሠራል። ሱቁ ውስጥ ናይኪና አዲዳስ ከፊት ይደረድራል። ሰው በናይኪ ተስቦ ይገባል፣ ዋጋውን ያያል፣ ዞር ሲል ካሪሞሩን በግማሽ ዋጋ ያገኛል። ትልቁ ትርፍ ያለው እዚያ ላይ ነው። ዋጋው ደግሞ ሁሌ የተሰረዘ ነው፤ «ነበር» ይልና አዲሱን በቀይ ይጽፍልሃል። ጫማ ተራ ያደገ ሰው ይሄን ሲያይ ፈገግ ይላል። እኛ በአፍ የምናደርገውን እሱ በወረቀት አደረገው፣ ሌላ ልዩነት የለውም።

ወደ ክለቡ ስንመጣ። ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ያለ ወለድ አበድሯል። ያለ ወለድ! ግሌዘሮች ማንችስተር ዩናይትድን 2005 ላይ ሲገዙ የግዢውን ዕዳ ክለቡ ራሱ ላይ ነው የጫኑት። ፖርትስማውዝ 2010 ላይ በዕዳ ሲወድቅ አይታችኋል። በሪ የሚባል ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ክለብ 2019 ላይ ከሊጉ ተባረረ። የናንተ ክለብ በሩ ክፍት ነበር፣ መብራቱም አልጠፋም። ደጋፊ ደስ ይበለው ተብሎ ሱቅ አይቃጠልም።

#4 ሺረር_ከጉለሌ

መርካቶ ወንድሜ፣ የመብራቱን ነገር እቀበላለሁ። ግን አንድ ቁጥር ልስጥህ።

2005 ላይ፣ አሽሊ ከመምጣቱ በፊት፣ ማይክል ኦውንን በ16 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛን። የክለቡ ክብረ ወሰን ነበር። ክብረ ወሰኑ የተሰበረው መቼ ይመስልሃል? ጃንዋሪ 2019፣ አልሚሮን ሲመጣ። 13 ዓመት ከመንፈቅ! በነዚያ ዓመታት የቴሌቪዥን ገንዘቡ ጣሪያ ነክቷል። የመንደር ክለብ የሚመስለው ሁሉ 30 እና 40 ሚሊዮን ያወጣ ነበር።

አንዲ ካሮል ደግሞ የከተማው ልጅ ነው። 9 ቁጥር ለብሷል። 2011 ጃንዋሪ የመጨረሻዋ ቀን ላይ በ35 ሚሊዮን ለሊቨርፑል ተሸጠ። በዚያ ቀን ምትክ ከየት ይመጣል? አልመጣም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሴንት ጀምስ ፓርክን «ስፖርትስ ዳይሬክት አሬና» አለው። አንተ ንግድ ትለዋለህ። ሴንት ጀምስ ግን ከተማው መሀል ኮረብታ ላይ ነው ያለው፣ ከየትም ስትመጣ ይታይሃል። ከተማዋ አንድ ትልቅ ክለብ ነው ያላት። አባት ለልጁ የሚያወርሰው ወንበር ነው። ያንን ስም አንስቶ የቅናሽ ሱቅ ስም ለጠፈበት። የሱቁ ማስታወቂያ ደግሞ ስታዲየሙን ዙሪያውን ሞልቶት ነበር፣ ለዓመታት ለክለቡ ሳይከፈልበት። ስሙን ያስመለሰልን ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ዎንጋ። አዎ፣ ለደሀ በከባድ ወለድ የሚያበድረው ድርጅት 2012 ላይ ማሊያችን ላይ ሲመጣ የስታዲየሙን ስም መልሶ ሰጠን። በአራጣ አበዳሪ እጅ ነው ክብራችን የተመለሰው። ሳቅም ልቅሶም አይሆንም።

አንድ ልጨምር። 2015 ላይ የውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ሰውየው ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ አንድ ነገር እስክናሸንፍ ድረስ በየትኛውም ዋጋ አልሸጥም አለ። ሻምፒዮንስ ሊግ መግባትም እንደ ማሸነፍ ይቆጠራል ብሎ ራሱ አቀለለው። ስድስት ዓመት ቆይቶ ምንም ሳያሸንፍ በ305 ሚሊዮን ሸጠ።

#5 የድሮ_ተጫዋች

ልጆች፣ እኔ በዕድሜ ስለምበልጣችሁ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሰውየው ሲመጣ ሕዝቡ ወዶት ነበር፣ ይሄን አትርሱ። ቢሊየነር ሆኖ ማሊያ ለብሶ ከተጓዥ ደጋፊ መሀል ይቆም ነበር። አርሰናል ሜዳ ላይ አንድ ብርጭቆ ቢራ በአንድ ትንፋሽ ሲጨልጥ በካሜራ ታይቷል። 2008 ጃንዋሪ ላይ ደግሞ ኬቨን ኪገንን በአሠልጣኝነት መልሶ አመጣ። ለኒውካስል ሰው ኪገን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ቃል የለኝም፣ እንደኛው መንግሥቱ ወርቁ በሉት።

ታዲያ ነገሩ የተበላሸው በተጫዋች ግዢ ላይ ነው። ኪገን የመጨረሻው ቃል የኔ ነው ብሎ ያምናል። ከላይ ዴኒስ ዋይዝ ተሾሞ ተጫዋች ይገዛል። ኢግናሲዮ ጎንዛሌዝ የሚባል ኡራጓያዊ ይምጣ ተባለ። ኪገን ሰውየውን አያውቀውም። ዩቲዩብ ላይ እየው ተባለ! አሠልጣኝን ዩቲዩብ ላይ እየው? ልጁ በውሰት መጣ፣ ኪገን ሴፕቴምበር ላይ ለቀቀ። ጉዳዩ ለግልግል ዳኞች ቀረበ። በ2009 ክለቡ 2 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከፍለው ተወሰነ። ልጁ የመጣው ለደቡብ አሜሪካ ወኪሎች ውለታ ተብሎ እንደሆነም እዚያው ወጣ። ከሁሉ የከፋው፣ ክለቡ ለደጋፊው «የመጨረሻው ቃል የኪገን ነው» እያለ ይናገር የነበረው እውነት እንዳልነበር ራሱ አመነ።

ከዚያ በኋላ አሽሊ ከደጋፊ መሀል ቢራ ሲጠጣ አልታየም።

ዮናስ ጉቴሬዝን ደግሞ ታስታውሱታላችሁ? ካንሰር ታሞ፣ ታክሞ የተመለሰው አርጀንቲናዊ። ያ ሺረር_ከጉለሌ የጠቀሰው የ2015 የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ከዌስትሃም ጋር ጎል አግብቶ ከመውረድ ያዳነን እሱ ነው። በሳምንታት ውስጥ አሰናበቱት፣ በስልክ። በቀጣዩ ዓመት የሠራተኛ ጉዳይ ችሎት በሕመሙ ምክንያት አድልዎ ተፈጽሞበታል ብሎ ፈረደለት። እኔ ሰውየውን በዚህ ነው የምመዝነው፣ በዋንጫ አይደለም።

#6 አርሰናል_ወይም_ሞት

ጋሼ፣ የዮናስን አላውቅም ነበር። ቀልዴን አንስቻለሁ።

#7 ሰናይት_ዩኬ

ሰላም። ስለ ኳስ ብዙ አላውቅም፣ ይሄን ክር ባለቤቴ ነው የላከልኝ። ግን አሽሊ ሲባል እኔ ትዝ የሚለኝ ስታዲየም ሳይሆን ሽሬብሩክ ነው። እናንተ እስካሁን ስሙን እንኳ አላነሳችሁትም።

ሽሬብሩክ ደርቢሸር ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ድሮ የድንጋይ ከሰል ይወጣባት ነበር፣ 1993 ላይ ተዘጋ። የስፖርትስ ዳይሬክት ትልቁ መጋዘን የተሠራው በዚያው መሬት ላይ ነው። ከ3 ሺህ በላይ ሰው በኤጀንሲ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፣ ብዙው ከፖላንድና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣ። 2015 ላይ የጋርዲያን ጋዜጠኞች ሠራተኛ ሆነው ገቡና ያዩትን ጻፉ።

ፈረቃው ሲያልቅ ሠራተኛው ተሰልፎ ይፈተሻል። ሰልፉ ላይ የምትቆሚበት ጊዜ አይከፈልም። ያ ሲደመር ክፍያው ሕጉ ካስቀመጠው ዝቅተኛ ደመወዝ በታች ይወርዳል። አንድ ደቂቃ ካረፈድሽ የ15 ደቂቃ ይቆረጥብሻል። ስድስት ጥፋት ከሞላብሽ ደህና ሁኚ ነው። ጥፋቱ ምንድነው ብትሉ፣ ሽንት ቤት መቆየት፣ ማውራት፣ ታሞ መቅረት። ከ800 በላይ የልብስ ስሞች ተዘርዝረው ለብሶ መግባት ተከልክሎ ነበር፣ ሰረቅሽ እንዳይባል። 2014 አዲስ ዓመት ሰሞን አንዲት ሴት እዚያው መጋዘን ሽንት ቤት ውስጥ ወለደች። ይሄን ሳነብ የመጀመሪያ ልጄን እርጉዝ ነበርኩ። ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩት።

እኔ የሠራሁት እዚያ አይደለም። የሠራሁበትን መጋዘን ስም አልጠራም፣ ከተማውንም አልናገርም። ግን ያንን ሰልፍ አውቀዋለሁ። ሹራብ ገልጠሽ ወገብሽን ታሳያለሽ። ጫማ አውልቂ ከተባልሽ ታወልቂያለሽ። የመጨረሻው አውቶቡስ ሌሊት 6፡10 ነው፣ በመስኮት ይታየኛል፣ ሰልፉ አይነቃነቅም። ሁለት ጊዜ ጥሎኝ ሄዶ በእግሬ አንድ ሰዓት ተኩል ሄጃለሁ፣ በታኅሣሥ ብርድ። አለቃዬ ስሜን አያውቅም፣ እጄ ላይ ያለው ማሽን ግን በሰዓት ስንት ዕቃ እንዳነሳሁ ያውቃል።

ሰውየው 2016 ላይ ፓርላማ ተጠራ። መጀመሪያ አልመጣም ብሎ ነበር፣ በኋላ ጁን ላይ መጣ። ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች መከፈሉን አመነ። ድርጅቱ ከአቅሙ በላይ እንዳደገበትም ተናገረ። የኮሚቴው ሪፖርት አሠራሩን በቪክቶሪያ ዘመን ድሆችን እያስጠለሉ ከሚያሠሩት ቤቶች ጋር ነው ያመሳሰለው። ለሠራተኞቹ ወደ 1 ሚሊዮን ፓውንድ የኋላ ክፍያ እንዲከፈል ተደረገ።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ጋዜጠኞችን መጋዘኑን አስጎበኘ። እሱም እንደ ሠራተኛው በፍተሻው አለፈ። ኪስህን አራግፍ ሲባል የባለ 50 ፓውንድ ኖት ጥቅል መዥረጥ አደረገ። እሱ ምንም አልመሰለውም። እኔ ግን ያንን ፎቶ ያየሁ ዕለት እራት አልበላሁም።

አሁን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የኒውካስል ደጋፊ ሰልፍ ሲወጣ፣ «አሽሊ ውጣ» ሲል፣ ስለነዚህ ሰዎች ነበር?

#8 ሺረር_ከጉለሌ

ሰኒ፣ እውነቱን ልንገርሽ። አብዛኛውን ጊዜ ስለ ተጫዋች ግዢ ነበር። ሱቁ ደጃፍ ላይ ሰልፍ የወጡበት ጊዜም አለ፣ ያም ቢሆን ክለቡ ገንዘብ አላወጣም ተብሎ ነው። የሠራተኞቹን ጉዳይ የሚያነሱ ደጋፊዎች አልጠፉም። እኔ ግን ከነሱ አንዱ አልነበርኩም። አልሚሮን ስንት ወጣበት የሚለውን በቃሌ አውቃለሁ። ሽሬብሩክን ዛሬ ካንቺ ነው በደንብ የሰማሁት።

#9 መርካቶ_ሚዛን

የኔ እህት፣ አፌን አስያዝሽኝ።

እላይ የጻፍኩት አልተሰረዘም፣ ሰውየው ንግድ ያውቃል። ግን «ርካሽ ጫማ ከየት ይመጣል?» ብሎ የጠየቀ ነጋዴ የለም ማለት ነው፣ እኔንም ጨምሮ። የሱቄ ልጅ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ አሁን አሰብኩ።

ስለ ሰውየው ጠባይ አንድ ላካፍላችሁና ልውጣ። 2013 ላይ ከባንክ ሰዎች ጋር መጠጥ ቤት ተቀምጦ ለአንዱ አማካሪው «የአክሲዮኑን ዋጋ 8 ፓውንድ ካደረስክልኝ 15 ሚሊዮን እሰጥሃለሁ» አለው። ዋጋው በዓመቱ 8 ደረሰ። ሰውየው ክፈለኝ ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩ 2017 ላይ ለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ ስንት ቢራ እንደተጠጣ ሳይቀር ተዘረዘረ። ዳኛው ማንም ሰው የምር ነው ብሎ ሊወስደው አይችልም፣ የመጠጥ ቤት ጨዋታ ነው ብለው ለአሽሊ ፈረዱ። እኛ ሰፈር ቢሆን በሽማግሌ ግማሹን ይከፍላት ነበር።

#10 ዳኛው_ፊሽካ

በወረርሽኙ ጊዜ የሆነውንም አትርሱ። ማርች 2020 አገር ሲዘጋ ስፖርትስ ዳይሬክት «የኛ ዕቃ አስፈላጊ ነው፣ ሱቃችን ክፍት ይሁን» ብሎ ተከራከረ። ሕዝቡ ጮኸበት። አሽሊ ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ደብዳቤ ጻፈ። ሀውስ ኦፍ ፍሬዘር የሚባለውን የትልልቅ ሱቆች ድርጅትም 2018 ላይ በ90 ሚሊዮን የገዛው ከከሰረ በሰዓታት ውስጥ ነው። ዕቃ ያቀረቡት ነጋዴዎች የድሮው ድርጅት ላይ የቀረባቸውን ገንዘብ እያለቀሱ ቆጠሩ። ሕጋዊ ነው፣ አውቃለሁ።

2022 ላይ ሥራ አስኪያጅነቱን ለልጁ ባል አስረክቦ ዓመቱ ሳያልቅ ከቦርዱም ወጣ። አሁንም ትልቁ ድርሻ የሱ ነው።

#11 ቀዮቹ_ብቻ

የናንተ ለቅሶ አያልቅም እንዴ? አሽሊ ሄደ፣ ሀብታም መጣላችሁ፣ ዋንጫ በላችሁ። ለዚያውም እኛን ሊቨርፑሎችን አሸንፋችሁ። አጥቂያችሁን ኢሳክን በ125 ሚሊዮን ሸጣችሁልን። ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?

#12 ሺረር_ከጉለሌ

ኢሳክን አታንሳብኝ። ልምምድ እምቢ ብሎ የሄደበትን ክረምት ገና አልረሳሁም።

የሊግ ዋንጫውን ፍጻሜ፣ ማርች 16፣ 2025ን ግን ማንም አይወስድብኝም። ሰፈር ዲኤስቲቪ ቤት ነው ያየሁት። ዳን በርን በጭንቅላት ሲያስቆጥር ብቻዬን ነበር የጮኽኩት፣ ቤቱ በሊቨርፑል ደጋፊ ተሞልቷል። ሁለተኛዋን ኢሳክ ሲያገባ ግን የናንተም ሰዎች ከንፈራቸው ፈገግ ብሏል። የስዊድን ልጅ ቢሆንም ቤተሰቦቹ ኤርትራውያን ናቸው፣ መልኩን ያየ ሁሉ «የኛ ልጅ» ይል ነበር። 2 ለ 1 አለቀ። ከ1955 ወዲህ የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ትልቅ ዋንጫ፣ 70 ዓመት! ወጥቼ መንገድ ላይ አለቀስኩ። ባለ ባጃጁ ሰው የሞተብኝ መስሎት «እግዜር ያጽናህ» አለኝ።

#13 ጅዳ_ነበርኩ

ብዙ ጊዜ እዚህ አልጽፍም፣ ማንበብ ነው የሚቀለኝ። ዛሬ ግን ይለፈኝ አላልኩም።

አሽሊ ሄደ፣ ተገላገልን ትላላችሁ። ማን መጣ? ኦክቶበር 7፣ 2021 ክለቡን የገዛው የሳውዲ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ ነው፣ 80 ከመቶውን። የፈንዱ ሊቀመንበር አልጋ ወራሹ ነው። ፕሪሚየር ሊጉ የሳውዲ መንግሥት ክለቡን እንደማይቆጣጠር ማረጋገጫ ተቀብያለሁ አለ። ልጅም አያታልሉበትም። ያን ማታ ሴንት ጀምስ ደጃፍ ላይ ሰው እንደ ዐረብ ፎጣ ጭንቅላቱ ላይ ጠምጥሞ ሲጨፍር በስልኬ አየሁ።

2013 ላይ ሳውዲ የውጭ ሠራተኛ ስታባርር ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ ተመለሰ። እኔ ከነሱ አንዱ ነኝ። ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። በኦገስት 2023 ደግሞ ሂዩማን ራይትስ ዎች ሪፖርት አወጣ፤ የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን በኩል ሊሻገሩ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ገድለዋል ይላል፣ ሴትና ሕፃናት ጭምር። ሳውዲ አስተባብላለች። ከመንደሬ በዚያ መንገድ የሄዱ ልጆች አሉ። የሁለቱ ድምፅ እስካሁን የለም።

ያ ሪፖርት የወጣ ሰሞን ኒውካስል ከ20 ዓመት በኋላ ሻምፒዮንስ ሊግ ሊጫወት ነበር። እዚህ መድረክ ላይ ገብቼ ፈለግሁ። ስለ ምድብ ድልድሉ ሦስት ክር ነበር። ስለ ልጆቹ አንድም አልነበረም።

#14 አርሰናል_ወይም_ሞት

እኛም ማሊያችን ላይ «ሩዋንዳን ይጎብኙ» ለብሰን ስንት ዓመት ተጫውተናል። ማንም ንጹሕ የለም በሉ።

#15 ዳኛው_ፊሽካ

ሼክ መሐመድ አላሙዲን ኖቬምበር 2017 ላይ ተይዘው ከአንድ ዓመት በላይ የቆዩት በዚሁ አልጋ ወራሽ ትእዛዝ ነው። ጃንዋሪ 2019 ነው የተፈቱት። እዚህ አገር ሼኩ የሚረዱት የጊዮርጊስ ክለብ ደጋፊ ያኔ ምን ያህል እንደተጨነቀ ትዝ ይለኛል። ያው ሰው ዛሬ የሺረር_ከጉለሌ ክለብ የበላይ ነው። ዓለም ጠባብ ናት።

#16 አወያይ

ክሩ ወደ ፖለቲካ እያዘነበለ ነው የሚል ሁለት ጥቆማ ደርሶኛል። አነበብኩት። አልዘጋውም። ስድብ ካለ ግን እሰርዛለሁ። ጅዳ_ነበርኩ፣ ወንድማችን፣ እግዚአብሔር ድምፃቸውን ያሰማችሁ።

#17 ሺረር_ከጉለሌ (ዛሬ፣ ጠዋት 1፡15)

ሌሊቱን አልተኛሁም ማለት ይቻላል።

ጅዳ ወንድሜ፣ ያንን ሰሞን ከሦስቱ ክሮች አንዱን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ፓሪስና ሚላን ከኛ ጋር ደረሱ ብዬ። ሪፖርቱን በሬዲዮ ሰምቼ ነበር። ሰምቼ ቻናል ቀየርኩ።

እላይ «አሽሊን ለምን ጠላነው?» ብዬ ጠይቄ ነበር። አሁን ሳስበው መልሱ ቀላል ነው፣ ደስ ግን አይልም። የጠላነው የቋጠረው በኛ ላይ ስለሆነ ነው። ሽሬብሩክ ላይ የቋጠረውን አላየንም፣ ወይም አይተን ዝም አልን። አዲሶቹ ለኛ እጃቸው አይታጠፍም፣ ስለዚህ ሌላው ላይ የሚያደርጉትን አንቆጥርም። 40 ሚሊዮን አውጥቶ ጆኤሊንተንን የገዛው አሽሊ ሦስት አራቱን እንደዚያ ገዝቶልን ቢሆን ኖሮ መጋዘኑን ማን ያነሳበት ነበር? እኔ አላነሳም ነበር።

ክለቡን እተዋለሁ አልልም። ውሸት ይሆንብኛል። ቅዳሜ ጨዋታ አለ፣ እንደማይ አውቃለሁ።

#18 የድሮ_ተጫዋች

አትተወው። ግን ቻናል አትቀይር።

#19 ሰናይት_ዩኬ

ኩባያውን ለእናትህ ተውላቸው፣ ምንም አላደረገም። እኛም ቤት ሁለት አሉ። አንዱ ውስጥ እርሳስ ነው ያስቀመጥኩበት።

#20 አዲስ_ገቢ_77

ሰላም፣ ክሩን ሙሉ አላነበብኩትም። የኒውካስል ኦሪጅናል ማሊያ በቅናሽ የት ይገኛል? ከለንደን የሚመጣ ሰው አለኝ። ስፖርትስ ዳይሬክት ሂድ ልበለው?

#21 መርካቶ_ሚዛን

ሃሃሃ! ይሄን ሳልመልስ አልወጣም። ወንድሜ፣ ክለቡ 2024 ላይ ከአዲዳስ ጋር ሲዋዋል ማሊያውን ለስፖርትስ ዳይሬክት አላቀርብም አለ፤ ለተቀናቃኙ ለጄዲ ሰጠው። አሽሊዎች ይከልከልልን ብለው ፍርድ ቤት ሄደው እገዳውን ተነፈጉ። ሰውየህ ወደ ጄዲ ይሂድ። ቅናሽ ግን አይጠብቅ።